ማክሰኞ ይመጣል

«ማክሰኞ ይመጣል» አሉን ባለሱቁ ኖንግ ቲርሶ። ለስድስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ወንድሜ ዊልማር አመናቸው። እኔ አለማመኔ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ዞር ብዬ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሳጥኖች የማነብ ለመምሰል ሞከርኩ።

«ጉምሩክ ነው የያዘው» አሉ ቀጥለው። «ወረቀቱ አልቋል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ እኮ እበራለሁ ኖንግ» አለ ዊልማር።

«ታዲያ በመሃሉ ስንት ማክሰኞ አለ? ሦስት! እኛ የምንፈልገው አንዱን ነው።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና የጠበሱትን ሙዝ በወረቀት ጠቅልለው ለእናታችን ላኩ።

ሱቁ ላ ፓዝ ገበያ ጀርባ ነው፤ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት። ከፊት የጠረጴዛ ጨዋታዎች ይሸጡበታል፤ ከኋላ አራት ጠረጴዛና አንድ ቬንትሌተር አለ፣ ከሥራ የወጣ ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ይጫወታል። ኖንግ ቲርሶ («ኖንግ» ታላቅን በአክብሮት የምንጠራበት ነው) በወጣትነታቸው የመርከብ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ ከየወደቡ ጨዋታ ሲለቅሙ ኖረው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ይህን ከፈቱ። ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ በኋላ የምናገረው ሌላ ሊመስል ስለሚችል። ለዊልማር የክርስትና አባት፣ ለአባታችን አበልጅና የመርከብ ባልደረባ ነበሩ። አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ክፉ ወሬ ከአፋቸው አይወጣም። በከተማችን በኢሎይሎ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጨዋነት ነው የሚባለው። እኔ ጀርመን አገር ስምንት ዓመት ተምሬ ስመለስ ነው ጉድለት የመሰለኝ። አንዳንዴ ጎዶሎው እኔ እሆን እላለሁ።

የምንጠብቀው ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ሳጥን ነበር። ጨዋታው የተጎዳች መርከብ ወደ አገሯ ለመመለስ የምታደርገው ጉዞ ነው። ተጫዋቾቹ አይፎካከሩም፤ ሁሉም አንድ ላይ ወይ ይደርሳሉ ወይ ይሰምጣሉ። የሚጫወቱትም አንዴ ብቻ ነው። የመረጡት መንገድ ካርታው ላይ ይለጠፋል፣ ያልመረጡት ካርድ ይቀደዳል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ፖስታዎቹ የታሸጉ ናቸው። ጊዜው ሳይደርስ የሚከፍት ሰው እኛ ተጫዋቾች ዘንድ የሰው ደብዳቤ እንደከፈተ ይቆጠራል፤ መጨረሻውን አውቆ የሚያወራ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ከአምስት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ሳጥን ሲከፍቱ እኔ ገና ጀርመን ነበርኩ። ስልኩን ሩዝ መቀቀያው ላይ አስደግፈውት በምስል ነበር የምጫወተው። ካፒቴኑ ስም የለውም፣ ስም የሚያወጡለት ተጫዋቾቹ ናቸው። ዊልማር እስክሪብቶ አንስቶ «አርሴኒዮ» ብሎ ጻፈ። የአባታችን ስም ነው። እናቴ ከስልኩ ጀርባ ስለነበረች ፊቷ አልታየኝም። «አስተካክለህ ጻፈው፣ ስሙን አታበላሸው» ስትል ብቻ ሰማኋት።

አባታችን ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከጭነት መርከብ ላይ ጠፋ። ጠዋት ሲፈለግ አልጋው ባዶ ነበር አሉን፤ ከዚያ ሌላ የተነገረን ነገር የለም። ለሰባት ወር እናቴ ወደ ኤጀንሲው ቢሮ ስትመላለስ አብረዋት የሚሄዱት ኖንግ ቲርሶ ነበሩ። እሷ ደጅ ትቀመጣለች፣ እሳቸው ገብተው ጠይቀው ይወጣሉ። «ማክሰኞ አዲስ ነገር ይኖራል ብለዋል» ይሏታል። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የትኛው ማክሰኞ ላይ መጠበቋን እንደተወች አላስታውስም።

ዊልማርም መርከበኛ ሆነ፣ ሦስተኛ መሐንዲስ። በዓመት ሁለት ወር ነው የምናገኘው። እኔና እሱ ብዙ አናወራም። እኔ ስለ ውሃ ማጣሪያ ስናገር እሱ ያዛጋል፣ እሱ ስለ ሞተር ሲናገር እኔ። ጠረጴዛው ላይ ግን «በሰሜን እንውሰደው»፣ «አይሆንም፣ አባባ ብርድ አይወድም»፣ «አባባ ነው ካፒቴኑ?»፣ «ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» እንባባላለን። ስለ አባታችን የምንነጋገረው በዚያ ብቻ ነበር። እናቴም ትጫወታለች፤ ተቀዶ የሚጣለውን ካርድ እየለቀመች በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ሁለተኛው ሳጥን ሲያልቅ መርከቧ ሞተሯ ጠፍቶ ከአገሯ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። እንደዚያ ትተናት ዊልማር ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

አሁን የሚሳፈርባት መርከብ መርከቦች በሚመቱበት በቀይ ባሕር በኩል ነው የምታልፈው። እናቴ ይህን አንድም ቀን አላነሳችም። ከሱቅ ስንመለስ «ሳጥኑ መጣ?» ብላ ብቻ ትጠይቃለች። ዊልማር ደግሞ «እሱን ሳንጨርስ አልሄድም» ይላል፤ የማይቀር ጉዞ እንደሆነ ግን ሦስታችንም እናውቃለን፣ ውሉ ተፈርሟል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳጥኑ አልመጣም፤ ወሬ ግን ሞልቷል። የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ፋርማሲ የምትሠራው ጂናሊንና ጂፕኒ የሚባለውን የከተማ ታክሲ የሚነዳው ጁንሬል ዳይስ እየጣሉ ነበር።

«አሳታሚው ሸሽቷል አሉ» አለች ጂናሊን።

«ማን አለ?» አልኳት።

«አሉ ነው የምልህ። ሚስቱን ፈቶ ካርዶቹን ከሣለችው ልጅ ጋር ስፔን ገብቷል።»

«እኔ የሰማሁት ኮንቴይነሩ ሰምጧል ነው» አለ ጁንሬል።

«የመርከብ ጨዋታ በመርከብ ሲሄድ ሰመጠ? አንተ ጂፕኒህን ንዳ።»

«የኔ ጂፕኒ ቢያንስ ይደርሳል። ያንቺ የሳል ሽሮፕ ነው ከመጋቢት ጀምሮ መንገድ ላይ ያለው።»

«ፋብሪካው አልለቅም ብሎ ይዞታል የሚሉም አሉ» አለች ጂናሊን።

«ኖንግ ቲርሶ ጉምሩክ ነው ብለዋል» አለ ዊልማር።

ጂናሊን ዳይሱን መዳፏ ውስጥ አንቀጫቀጨችው። «ኖንግ ካሉማ» አለችና ጣለችው።

ኖንግ ቲርሶ ሦስት እርምጃ ርቀው ሙዝ ይጠብሱ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እኛ ዘንድ ወሬ ለሐሜት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ፊት ለፊት ጠይቆ ላለማሳፈር የሚኬድበት ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው። ይህን ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር። ረስቼዋለሁ፤ ወይም የረሳሁ መስዬ መኖር ቀሎኛል።

ለአሳታሚው በቀጥታ ኢሜይል ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት መለሰችልኝ። ድርጅቱ ግንቦት ላይ ተዘግቷል፤ እሷ ቢሮውን ለማጽዳት የቀረች ናት። ሲዘጉ የቀሯቸውን ሳጥኖች ሰኔ ላይ በሙሉ ልከዋል፤ አንዱን የኢሎይሎው ሱቅ ሐምሌ ሦስት ቀን ፈርሞ ተቀብሏል። ሌላ ቅጂ የለም። «አዝናለሁ» ብላ ጨረሰች።

ጊዜው መስከረም ነበር።

ያን ዕለት ያደረግኩትን እስካሁን አስበዋለሁ። የከተማችን ተጫዋቾች በሚሰበሰቡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ «ሐምሌ ሦስት ኖንግ ቲርሶ ሱቅ የገባው ሳጥን የት እንደደረሰ የሚያውቅ አለ?» ስድብ የለባትም፣ ቁጣ የለባትም። በተማርኩበት አገር ይህ ጥያቄ ነው። እዚህ ግን በአደባባይ የተጠየቀ ጥያቄ ክስ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት በወሬው ሳጥኑ ለአንድ የማኒላ ሀብታም ተሽጦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሳጥን ሆነ። በማግስቱ ሰዎች ያዘዙትን ጨዋታ ለመሰረዝ መጡ፣ አራቱም ጠረጴዛዎች ባዶ ሆኑ።

ጂናሊን ፋርማሲው በር ላይ ያዘችኝ። «ቶ፣ ምን ነካህ? ሽማግሌውን ገደልካቸው እኮ!» አለችኝ፤ «ቶ» ወንድ ልጅ የምንጠራበት ነው።

«የጠየቅኩት ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄ እንደዚያ ይጠየቃል? ለኔ ብትነግረኝ ለጁንሬል እነግረዋለሁ፣ ጁንሬል ለሚስቱ፣ ሚስቱ ደግሞ ከእህታቸው ጋር ነው ልብስ የምትሰፋው። በአራት ቀን መልስህ ቤትህ ይመጣልህ ነበር። ምን ነበር ያስተማሩህ እዚያ?»

ሄጄ ጽሑፉን አጠፋሁት። ያኔ ባሰ፤ «አፉን አዘግተውት ነው» ተባለ።

ዊልማር ለሁለት ቀን አላናገረኝም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ጫማውን እያሰረ «ተነስ» አለኝ። «ፊታቸው ቆመን ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። ስለ ሳጥኑ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ኖንግ ቲርሶ ባዶ ጠረጴዛዎቹን እየወለወሉ ነበር። ስንገባ አዩን፣ ፈገግ አሉ፣ «ማክ—» ብለው ጀመሩና አፋቸው ላይ ቀረ። ጨርቁን አስቀምጠው በእጃቸው ጠሩን።

ከማድቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ የልብስ ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ካርዶች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል፣ ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ቬንትሌተር ወለሉ ላይ ወደ ላይ ተደግኖ ይሽከረከራል፣ ካርዶቹም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይወዛወዛሉ። ጥግ ላይ የጥሬ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ከእንጨት የተሠሩት ትንንሽ መርከቦች ጭንቅላታቸውን አውጥተዋል። ካርታው ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ እንደ ረጠበ ቂጣ አብጧል።

«ለዊልማር ድንገት ላሳየው ብዬ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ደበቅኩት» አሉ ኖንግ ቲርሶ። «በሳምንቱ ዝናቡ ገባ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ጋ አድርገው ልኩን አሳዩን።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኩ፣ የዊልማርን ትእዛዝ ረስቼ።

«ሲደርቅ ልነግራችሁ ነበር። በየሳምንቱ ነው የምዳስሰው። ለማክሰኞ ይደርቃል እላለሁ። ማክሰኞ ስዳስሰው ርጥብ ነው።» ወደ ገመዱ ቀና አሉ። «እዚህ አገር ምን ይደርቃል ልጆቼ?»

ዊልማር ካርዶቹን አንድ በአንድ እያየ በገመዱ ሥር ሄደ። አንዳንዱ ይነበባል። አንዳንዱ ላይ ቀለሙ ወደ ቀለም ፈስሷል። የመጨረሻው ጫፍ ላይ አንድ ካርድ ነጭ ሆኖ ተሰቅሏል።

«ይህስ?»

ኖንግ ቲርሶ ካርዱን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዚያ «የጥቁሩ ፖስታ ነው» አሉ። ጥቁሩ ፖስታ የጨዋታው መጨረሻ ነው። «ተጣብቆ ነበር። ጨርቅ ደርቤ በካውያ ተኮስኩት። ፊደሉ ጨርቁ ላይ ቀረ።»

«ጨርቁ የት አለ?» አልኩ።

«አጠብኩት።»

ማናችንም ልንስቅ አልቻልንም። 

«ከመተኮስዎ በፊት አይተውታል?» አለ ዊልማር ቀስ ብሎ።

«ላላይ ሞክሬ ነበር ልጄ። በማርያም ሞክሬ ነበር። አየሁት።» አንድ ሌባ ሲናዘዝ እንዲህ የሚያፍር አይመስለኝም።

ዊልማር ነጩን ካርድ ከገመዱ አወረደው። «እንግዲያው ቅዳሜ ምሳ እኛ ቤት ነዎት» አለ። «ጽሑፉ የጠፋው ካርድ ሁሉ እርስዎ ነዎት። እኛ እንጫወታለን፣ እርስዎ ይነግሩናል።»

ቅዳሜ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። እናቴ ካድዮስ ሠርታ ነበር፣ አሳማውን ከአተሩና ጃክፍሩት ከሚባለው ፍሬ ጋር፤ አባታችን ለጉዞ ሲነሳ የምትሠራው ነው። በልተን ጠረጴዛውን ጠረግነውና ያበጠውን ካርታ በአራት ኩባያ ጥጉን ይዘን ዘረጋነው።

ጥሩ ተጫወትን። ዳይሱ ለእናቴ ይታዘዝላት ነበር። የመርከቧ ሞተር ሲነሳ ዊልማር ከወንበሩ ዘለለ፤ «ሦስተኛ መሐንዲስ ባይኖር የት ትደርሱ ነበር?» እያለ ሲኮራ እናቴ «ቤታችን ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ መሐንዲስ ሆይ» አለችው። የሚነበበውን ካርድ እኛ እናነባለን፤ የማይነበበው ሲወጣ ኖንግ ቲርሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስታውሳሉ።

ከመጨረሻው በፊት አንድ ጽሑፉ የጠፋ ካርድ ወጣ።

«ማዕበል ነው» አሉ። «ትንሽ ማዕበል። ማንም አይጎዳም፣ አንድ ቀን ትዘገያላችሁ።»

ካርዱን ገለበጥኩት። ጀርባው ቀይ ነው። በሁለቱ ሳጥኖች ውስጥ ካየነው ቀይ ካርድ ሁሉ መርከበኛ ሳይገድል ያለፈ አልነበረም። ዊልማርን አየሁት፤ ቀና አላለም፣ መርከቧን አንድ ቀን እየቆጠረ ይገፋታል። ኖንግ ቲርሶ እጄ ላይ ያለውን ቀይ አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ነጩ ካርድ ሲደርስ እናቴ አንስታ ሰጠቻቸው። የሚነበብ ነገር እንዳለው ሁሉ በሁለት እጃቸው ያዙት። ዊልማር ዓይን ዓይናቸውን እያየ ጠበቀ። ኖንግ ቲርሶ ያዩት ግን እሱን አይደለም፣ እናቴን ነው።

«ደረሰ» አሉ። «ካፒቴን አርሴኒዮ ወደብ ገባ። ቤተሰቡ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።»

ዊልማር ጠረጴዛውን በቡጢ መታው፣ ኩባያዎቹ ተንጫጩ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም? ናናይ፣ ደረሰ እኮ!» አላት እናታችንን፤ እየሳቀ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

እናቴ ኖንግ ቲርሶን ትንሽ አየቻቸው። «እሺ ቲርሶ» አለች። «አመሰግናለሁ።» ወጡን ላሙቅ ብላ ወደ ማድቤት ገባች። ምድጃው ሲለኮስ ግን አልሰማሁም።

ካርዱን ወስጄ መስኮቱ ጋ በብርሃን አየሁት። ካውያው ቀለሙን ወስዷል እንጂ የመስመሮቹ ጥላ ቀርቷል፤ ፊደል አይለይም፣ መስመር ግን ይቆጠራል። ዘጠኝ መስመር ነው። እሳቸው የነገሩን ቢጻፍ ሁለት አይሞላም።

«ቶ» አሉኝ ከኋላዬ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ርጥብ ነበር። ሁሉንም ላላስታውሰው እችላለሁ።»

መጠየቅ እችል ነበር። ጥያቄዬ አፌ ላይ ነበር፣ ከሦስት ቃል አይበልጥም። ዊልማር ጠረጴዛው ላይ ካፒቴኑን ከመርከቧ አውርዶ ወደቡ ላይ ያቆመዋል። በአደባባይ የተጠየቀ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ በዚያው ሳምንት ተምሬያለሁ። ካርዱን ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከተቀደዱት ጋር ጨመርኩት።

ያን ምሽት የአሳታሚውን ቢሮ ለምታጸዳው ሴት የመጨረሻው ካርድ ምን እንደሚል ጠይቄ ጻፍኩላት። ጠዋት ኢሜይሌ ተመልሶ መጣ፤ አድራሻው ተዘግቷል።

እሑድ አየር ማረፊያው በር ላይ እናቴ ከዘበኛው ጋር ስታወራ ዊልማር ሻንጣውን አቁሞ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አንተ ሁሉን ነገር ትጠራጠራለህ» አለኝ። «ለዚህ ነው አንተን የምጠይቅህ። ካርዱን ስታየው አይቼሃለሁ። እውነታቸውን ነው?»

ዘጠኙን መስመር አሰብኩ። ቀዩን ካርድ አሰብኩ። የሚያልፍበት ባሕርም ትዝ አለኝ፤ እሱን ማንም በካርድ አልነገረንም።

«እውነታቸውን ነው» አልኩት። «በብርሃን ስታየው ትንሽ ይነበባል። ‹ወደብ› የምትለዋ ቃል ትታያለች።»

«እንዲያ በለኛ!» ብሎ አቀፈኝ። አንገቴን አንቆ ነው የሚያቅፈው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ። ከዚያ ሻንጣውን ጎትቶ ገባ። መስታወቱ በር ከኋላው ተዘጋ፣ ዞሮ እጁን አነሳ፣ ከዚያ ሌሎች መርከበኞች ሸፈኑት።

በጂፕኒ ስንመለስ እናቴ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከመስኮቱ ውጭ ታይ ነበር። ላ ፓዝ ልንደርስ ስንል «መቼ እደውላለሁ አለህ?» አለችኝ።

ቀን አልነገረኝም። የመርከብ ስልክ መቼ እንደሚይዝ እሱም አያውቅም።

«ማክሰኞ» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ።